ሰባት ኪሎ ቅቤ እና የእኔ እንግሊዝኛ

ማርቆስ ገብቻለሁ። ሻንጣው አልተፈታም፣ እግሬ እንደ ድፎ ተነፍቷል። ተኛ ብትሉኝ አልተኛም። መጀመሪያ ይሄን ነገር ላውጣው።

እማየ ሳሎን ቡና አፍልታ ለጎረቤት እየተረከች ነው። እዚህ ድረስ ይሰማኛል። በእሷ ትረካ እኔ እንደ ግንድ ተገትሬ ዝም ብዬ ነበር። ዝምማ አላልኩም! ተናግሬያለሁ። ጣጣው የመጣው በመናገሬ ነው እንጂ።

የሄድንበትን ታውቃላችሁ። ትንሿ እህቴ ጀርመን ወለደች፣ የመጀመሪያዋ ነው። የእማየ ቪዛ የወጣ ቀን ሁላችን እልል ስንል እሷ አለቀሰች። ለምን? «ቅቤው አልተነጠረማ!» ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ቤቱ ቤት አልነበረም። ኮሰረት ይታሻል፣ ኮረሪማ ይፈለፈላል፣ አብሽ ይቆላል። ቅቤው ከቢቸና ዘመድ ጋ የመጣ ለጋ ነው። ነጥሮ ሰባት ኪሎ ወጣው። በምን ይሂድ? በቀለም ባልዲ። አዎ፣ አምና ሳሎኑን የቀባንበት የቀለም ባልዲ። ታጥቧል፣ በወይራ ታጥኗል፣ አፉ በስኮች ተጠምጥሟል። ሆዱ ላይ ግን የቀለሙ ስም በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ቲኬቱን የቆረጠልንን ልጅ ጠይቄዋለሁ እኮ! «ምግብ ይዞ መግባት ችግር የለውም?» ስለው «ኧረ ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው» አለኝ። ይሄን «ሰው ሁሉ» የሚባለውን ሰውየ አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው! ሰው ሁሉ ይገነባል፣ ሰው ሁሉ ይነግዳል፣ ሰው ሁሉ ቅቤ ያሳልፋል። የሚያዘው እኔ ብቻ ነኝ።

ከማርቆስ አዲስ አበባ ስላለው መንገድ አላወራም። ታውቁታላችሁ። 300 ኪሎ ሜትር ነው ይባላል፣ እኛ ግን የምንቆጥረው በኬላ ነው። አንዱ ጋ ባልዲው ተከፈተ። ፈታሹ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «እማማ፣ ለአራስ ነው አይደል?» ብሎ መልሶ ከደነው። እግዜር ይስጠው። ሁሉም እንዲህ አይደለም። አምና ለአክስቴ የጫንኩትን ጤፍ በፌሮ ወግተው ወግተው፣ አባይ በረሃን ስንወጣ ማዳበሪያው እንደ ወንፊት እያፈሰሰ ነበር። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ጀርመን ደረስን። አየር ማረፊያው ስሙ ይቅርብኝ። መውጫው ሁለት ነው፣ ቀይ እና አረንጓዴ። እማየ አረንጓዴውን መረጠች። «ልምላሜ ነው» አለች። በሩ ላይ እኔን የሚያክል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ሥጋ በቀይ ተሰርዟል። ወተት በቀይ ተሰርዟል። አይቼዋለሁ? አይቼዋለሁ። ቅቤ ግን አልተሳለበትም!

አረንጓዴው ማለት ለካ «የማስመዘግበው ነገር የለኝም» ማለት ነው። አምስት ዕቃ እየገፋን፣ አንደኛው ባልዲ፣ ምንም የለንም ብለን ገባን። እኔ ብሆንም አስቆመን ነበር።

ሰውየው ልጅ ነው፣ ረጅም፣ ሰማያዊ ጓንት አጥልቋል። ባልዲውን አዟዙሮ ጽሑፉን አነበበ።

«ፔይንት?» አለኝ።

«ኖ ፔይንት። ፉድ።»

ባልዲውን አየ። እኔን አየኝ። ከቀለም ባልዲ የሚበላ ቤተሰብ ሲያይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ምን ይላል?» አለች እማየ።

«ቀለም ነው ወይ ነው የሚለው።»

«ቀለም? ዓይኑ ደኅና ነው? ክፈትለትና ያሽትተው!»

ስኮቹን ልጬ ከፈትኩት። ኮሰረቱ ዱብ አለ። ያ እንደ ሆስፒታል የሚያበራ አዳራሽ በአንድ ጊዜ የእማየን ጓዳ የፋሲካ ለታ ሆነ። እኔ አፍንጫዬን ሞላሁ። እሱ አፍንጫውን ያዘ።

«ሚልክ?» አለ።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። 11 ዓመት። ተማሪዎቼ ይሄን እንደምታነቡ አውቃለሁ፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ የሚስቅ ብቻ ላግኝ። «በተር» የምትባል ቃል አለች። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃታል። ማርቆስን፣ ጠፋችኝ! አፌ ውስጥ ፈለግኋት፣ የለችም። ሰውየው እየጠበቀ ነው፣ ከኋላ ሰልፉ እየረዘመ ነው፣ እማየ ክንዴን እየጎሸመች ነው። ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኦይል» አልኩት። «ኦይል ኦፍ ካው።»

የላም ዘይት።

«ካው?» አለና ዞሮ ባልደረባውን ጠራ። በጀርመንኛ የሆነ ነገር አለው። ሁለቱም ሳቁ። ያቺ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ጀርመንኛ አልችልም፣ ግን መሳቂያ መሆን በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

እማየ አላስቻላትም። «ወተት አይደለም በለው! ወተት ቢሆን መች እዚህ ይደርሳል፣ ይረጋ ነበር!» እኔ ይሄን ልተረጉም? አልተረጎምኩም። እሷ ናት አሁን ሳሎን ውስጥ «ልጀ ዝም አለ» የምትለው።

ከዚያ «ኤኒ ሚት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥጋ አለ ወይ?

እዚህ ላይ ክብሬን ላስመልስ ፈለግሁ። ደረቴን ነፍቼ «ኖ ሚት!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ደስ አለኝ። ዞር ብዬ እማየን ሳያት የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች ነው። እናታችሁ ሰው ፊት የነጠላ ጫፍ መቋጠር ስትጀምር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሰውየው የሽሮውን ከረጢት ፈታ። ያን ጓንት እስከ ክርኑ ሽሮ ውስጥ ከተተው። ፈለገ፣ ፈለገ። ከዚያ መጎተት ጀመረ። ቋንጣ! እንደ ገመድ ወጣ፣ አንድ ክንድ፣ ሌላ ክንድ፣ አላልቅ አለ። ሽሮው ቦነነና ልብሱን አለበሰው። አነጠሰ።

«ይማርህ» አለችው እማየ።

«ቋንጣ እንዳለ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ብነግርህ ትነግረው ነበር።»

ማሩ ደግሞ አምስት ኪሎ ነበር። የእንጅባራ ነጭ ማር። ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ ነው የሚፈቀደው፣ ስለዚህ ለሁለታችን አራት። አንዷ ኪሎ ትርፍ ሆነች። እማየ «እንግዲያው እዚሁ እንብላው» ብላ ጣቷን ነከረች። ለሰውየውም ዘረጋችለት። ከልቧ ነው፣ አትሳቁ። በጓንቱ እጁ «አይ» አላት። ቅቤውን ሲወስድ ያልከፋትን ያህል እዚህ ላይ ከፋት። ጉርሻ አይመለስማ! አረቄዋ ግን ሳትነካ አለፈች። አንድ ሃይላንድ፣ አንድ ሊትር። ሕጉ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ጠንካራ መጠጥ ይፈቅዳል። አራስ ቤት ስንገባ የተረፈን አረቄ፣ በርበሬና አራት ኪሎ ማር ነው ማለት ነው። ሐዘን ቤት እንኳ እንዲህ አይኬድም።

መጨረሻ ላይ ትልቅ በርሜል አሳየኝና አንተው ጣለው አለኝ። እኔው! በገዛ እጄ! እማየ «እህል አይጣልም፣ ለደሃ ስጡት በለው» አለች። ይቺንስ ተረጎምኳት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ሁሉም ይቃጠላል አለ። ነገርኳት።

«ማቃጠሉንማ እኛም አቃጥለነዋል፣ ነጥሯል እኮ በለው!»

ባልዲው በርሜሉ ውስጥ ሲወድቅ ያሰማው ድምፅ... ተዉት።

ቅጣት አልቀጡንም። ወረቀት አስፈርመው ለቀቁን። ለዚህም አመስግን ተብያለሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በስልኬ ሕጉን ፈለግሁ። ነገሩ አፍተግር ነው። አዎ፣ እዚህ የኛን ከብት በየጊዜው የሚያነክሰው አፍተግር። ከኛ ዓይነት ሀገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ መንገደኛ ይዞ እንዳይገባ አውሮፓ የከለከለው በዋናነት ለእሱና ለመሰሎቹ በሽታዎች ነው። እንግሊዝ በ2001 እ.ኤ.አ. ገብቶባት ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አርዳለች። ጀርመን ራሷ ከ1988 ጀምሮ ነፃ ሆና ቆይታ በጃንዋሪ 2025 በርሊን አጠገብ ጎሾች ላይ ተገኘባት። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቀዝቀዝ አልኩ። ገበሬ ልጅ ነኝ፣ ከብት ሲታመም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው።

ከዚያ ወረድ ብዬ ሳነብ ደሜ እንደገና ፈላ። ፍራፍሬና አትክልት ያለ ምስክር ወረቀት አይገባም፣ ቃሪያችንም የተወሰደው ለዚህ ነው። ግን አምስት ፍሬ ያለ ወረቀት ይገባል፦ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ቴምር እና ዱሪያን። ዱሪያን ምን እንደሆነ ፈልጉት። ሽታው ከመጥፎነቱ የተነሳ ሲንጋፖር ባቡር ውስጥ ይዞ መግባት የተከለከለ ፍሬ ነው! እሱ ይግባ፣ የኮሰረት ቅቤ ይቃጠል። ገባችሁ?

እህቴ በሩን ስትከፍት እማየ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንኳ ሳትል «ቅቤሽን በሉት» አለቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። በኋላ ገንፎው ሲቀርብ፣ መሃሉ ጎድጎድ ተደርጎ የሱፐርማርኬት ቅቤ ሲገባበት፣ አለቀሰች። ያ ነገር ነጭ ነው፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። እማየ በማንኪያ ጫፍ ነካ አድርጋ «ይሄ ሻማ ነው» አለች። ሦስት ሳምንት ሻማ በላን።

ስንመለስ ደግሞ እህቴ ሻንጣውን ሞላችው። ቸኮሌት፣ ብስኩት፣ የጣሳ ወተት፣ አይብ። ቦሌ ፍተሻ ላይ አንዱ ቸኮሌቱን ቆጥሮ «ለንግድ ነው?» አለኝ። 14 ቸኮሌት! ለ14 የእህትና የወንድም ልጆች! እንግሊዝኛዬ ጀርመን ላይ ጥሎኝ ነበር፣ አማርኛዬ ደግሞ ቦሌ ላይ አልጠቀመኝም። ግማሽ ሰዓት ስለ ዘመዶቼ ብዛት አስረዳሁ። አይቡን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

አሁን ማታ እማየ አይቡን ለጎረቤት ልታቀምስ ፈታችው። ውስጡ ሰማያዊ ነው። ሻግቷል! ደወልኩ። እህቴ «እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ ውድ ነው እኮ» አለች። ሆን ተብሎ የሻገተ። እማየ ሳህኑን ይዛ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የኔን ንጹሕ ቅቤ በሽታ ነው ብለው ጥለው፣ ሻጋታቸውን አሸክመው ላኩኝ?» አለች። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ከሥር ይጻፍልኝ። ድመቷም አሽትታ ሄዳለች።

ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው።

...

መጣሁ። ጎረቤታችን እትየ ናቸው። ልጃቸው ካናዳ ልትወልድ ነው፣ በሚመጣው ወር ይሄዳሉ። የእማየን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ሰምተዋል። ሰምተው ሲያበቁ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የአንተ እናት ወረቀት ስላልያዘች ነው። አንተ እንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለህ? ‹ይሄ ቅቤ የአራስ መድኃኒት ነው› ብለህ ጥሩ አድርገህ ጻፍልኝ፣ ባልዲው ላይ እለጥፈዋለሁ።»

«እትየ፣ አይሆንም» አልኳቸው።

«ኧረ ሰው ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው» አሉኝ።