አያ ጅቦ፣ አመካኝተህ ብላኝ

የድሮ ሰው ችኩል ነበር። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ብሎ ተረተና አረፈው። ጅቡ እንዴት አደገ፣ ጡት በስንት ወሩ ጣለ ብሎ የጠየቀ የለም። ተመስገን ነው፣ ሲኒማ ይህን ግፍ አረመልን።

እኛ ደሴዎችም ወደኋላ አላልንም። ፒያሳ ቡና ላይ ፊልም አንሡ፤ ገዳዩ በአቦሉ ምስኪን ይሆናል፣ በቶናው ይለቀስለታል፣ በበረካው ይመረቃል። የሟቾቹን ስም የሚያስታውስ ግን የለም። እነሱማ መቼ ልጅነት ኖሯቸው!

እ.ኤ.አ. በ1978 የመጣው የ«ሃሎዊን» ፊልም ገዳይ ማይክል ማየርስ ነጭ ጭምብሉን አጥልቆ ዝም ብሎ ይራመድ ነበር። ሐኪሙ እንኳ ዓመታት መርምሮት ከክፋት በቀር ምንም አላገኘበትም። ስንፍና! በ2007 እንደገና ሲሠራ ተሳዳቢ የእናት ወዳጅና የሚያስጨንቁት የትምህርት ቤት ልጆች ተጨመሩለት። ድሮ ከቪዲዮ ቤት ወጥቼ ከሸዋበር እስከ ሰፈሬ የሮጥኩት እሱን ፈርቼ ነው። አሁን እያዘንኩለት፣ እያዛጋሁ እገባለሁ። ለጤናም ጥሩ ነው።

የ«101 ዳልሜሽንስ» ፊልሟን ክሩኤላንስ ቢሆን? የቡችላ ቆዳ ገፍፋ ካፖርት ልታሰፋ ስትነሣ ጨካኝ ብለን አምተናት ነበር። የ2021ዱ ፊልም አሳፈረን፤ ለካ እነዚያው ዝንጉርጉር ውሾች አሳዳጊ እናቷን ከገደል ገፍተውባት ኖሯል። ይበላቸው!

የ2008ቱ የባትማን ጠላት ጆከር ብቻ ባለጌ ነው። ስለ ጠባሳው ሲናገር አንዴ በአባቱ ያላክካል፣ አንዴ ለሚስቴ ስል ራሴ ነኝ ይላል። የትኛውን ይዘን እንዘንለት? እንቅልፍ የነሣንም ይኸው ነው። ደግነቱ በ2019 ሌላ ጆከር መጣና የእናቱ የሆስፒታል ፋይል ሳይቀር ተገልጦ ተነበበልን፤ እፎይ አልን። አሁን የቀረው የ1975ቱ የ«ጆውስ» ፊልም ሻርክ ነው። ይህን ሁሉ ሰው በልቶ አስተዳደጉ እስከዛሬ አልተነገረንም፤ አድልዎ ነው።

ባለፈው ማታ ጉሙ ከተማውን ሸፍኖት ሳለ ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ጮኸ። እኔ በልጅነቴ ጋቢ ውስጥ ነበር የምደበቀው። ትንሿ የእህቴ ልጅ ግን ከፊልሙ ቀና አለችና፣ «አጎቴ፣ እናቱ ሞታበት ነው አይደል?» አለችኝ። ዝም ስላት ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«በሩን ልክፈትለት?»