ጥፋቱን ከዳኛው በፊት ከእግሩ እንፈልገው

ስለ ቅርጫት ኳስ ቡድናችን የጻፉት ጸሐፊ ረጅሙ ተከላካያችን በጥፋት ብዛት ቶሎ ቶሎ ወደ ተቀያሪዎች ወንበር የሚመለሰው ዳኞች ስለሚጨክኑበት ነው ማለታቸውን አልቀበለውም። አጥቂው ኳሱን ከፍ አድርጎ የሚወረውር ሲመስል ተከላካዩ ወዲያው ከመሬት ይነሳል፤ አጥቂው ግን እግሩን ሳያነሳ ይጠብቀውና ልክ ሲወርድበት ወደ ሰውነቱ ተጠግቶ ይወረውራል፤ ፊሽካውም ይነፋል። ደንቡ ተከላካዩ ቀድሞ ከያዘው ቦታ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ እንዲዘል ስለሚፈቅድለት፣ በዚህ ሁኔታ ንክኪ ቢፈጠር እንኳ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም፤ እጁን ወደ ፊት አውርዶ ሲመታ ግን ይህን መብቱን በገዛ እጁ ይጥለዋል። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ 6፣ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ደንብ ደግሞ 5 ጥፋት ከጨዋታ ስለሚያስወጣ፣ በመጀመሪያው የጨዋታ ሩብ 2 ጥፋት የተቆጠረበትን ተጫዋች አሰልጣኙ ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም። የቀድሞው የቦስተን ሴልቲክስ ተከላካይ ቢል ራስል ያገደውን ኳስ ወደ ተመልካች በጥፊ ከመስደድ ይልቅ ለቡድን ጓደኞቹ እንዲደርስ በማድረግ ይታወቅ ነበር፤ ጭብጨባ የሚበዛው ወደ ተመልካች ለሚሰደደው ኳስ መሆኑን ግን አልክድም። የእኛ ተከላካይ ሙከራውን ሁሉ ለማገድ ከሚዘል፣ አጥቂው እግሩን ከመሬት እስኪያነሳ ድረስ ቢታገሥ ይሻለዋል።