ኮፈኑን ማን ያነሣል?

አክስቴ መኪናዬን መጀመሪያ ያየቻት ቀን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሰው ትይዛለች?» ሁለት ብቻ እንደምትይዝ ነገርኳት። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ እንደቆመች መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ቃኘቻትና «ታዲያ ልጄ፣ ለቅሶ ሲኖር ማንን ልታደርስባት ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የዋዛ አልነበረም። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን መኪና የግል ንብረት ብቻ ሆኖ አያውቅም። እንግዳ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከነሻንጣው ይመጣበታል፣ አራስ ይጠየቅበታል፣ እሑድ ጠዋት መንዳት የማይችሉ እናቶች ቤተ ክርስቲያን ይደርሱበታል። አክስቴ ራሷ አሜሪካ በገባች በሳምንቷ ከቢሮ ቢሮ ያመላለሳት ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ሰው ነው፤ ባለ አሮጌ ካምሪ። ስለዚህ ወቀሳዋን ተቀበልኩ። መኪናዋን ግን አልሸጥኳትም።

የ1996 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ናት። (የአሜሪካውን ነገር ስጽፍ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የሀገር ቤቱን በራሳችን።) ቀይ ናት፤ ጣሪያዋ በእጅ ይታጠፋል፤ የፊት መብራቶቿ ሲበሩ ከኮፈኑ ላይ ብድግ ይላሉ። ማዝዳ ሂሮሺማ የሚሠራትን ይህችን መኪና ለሕዝብ ያሳየው በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። ሐሳቡ በ1960ዎቹ እንግሊዞች ይሠሯቸው የነበሩትን ቀላልና ትንንሽ የስፖርት መኪኖች መልሶ ማምጣት ነው፤ ልዩነቱ ጠዋት ጠዋት ያለ ችግር እንዲነሡ ማድረጉ ላይ ነው። ተሳካለትም። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። የእኔዋ ሞተር 133 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ዛሬ ብዙ የቤተሰብ መኪና ከዚህ ይበልጣል። ክብደቷ ግን ከአንድ ቶን እምብዛም ስለማያልፍ መሪውን ስታዞረው መንገዱ እጅህ ላይ ይሰማሃል።

ለተማሪ ዋናው ጥቅሟ ግን ሌላ ነው። ብዙ ስለተሠራች መለዋወጫዋ በየቦታው አለ፤ ሞተሯ ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አውቶሞቢል ሁሉ ጉድለቱን በቁጥር የሚናገርበት አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖረው ሕግ ስላስገደደ፣ በ20 ዶላር ማንበቢያ የታመመውን ክፍል ማወቅ ይቻላል። 1996ን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

በ2018 መኸር ላይ የገዛኋት በ2,900 ዶላር ነው። ቀን ኮሌጅ እየተማርኩ ማታ ማታ የሰው መኪና እየተቀበልኩ በማቆምበት ሥራ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበር። ከእሷ በፊት ሦስት ሚያታዎችን አይቼ ትቻለሁ። ሦስቱንም ያስተወኝ ዝገት ነው። ጣሪያዋ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ኋላ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች በኩል ወደ መሬት እንዲፈስ ተደርጎ ነው የተሠራችው። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው መውጫ አጥቶ ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ባለው ብረት ውስጥ ይተኛል። ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሲታከልበት ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ሦስተኛዋን መኪና ያሳየኝ ሰው ቦታውን አዲስ ቀለም ቀብቶት ነበር። ተንበርክኬ በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ጣቴ ገባ። ሰውየውም እኔም ምንም ሳንባባል ተለያየን።

ያን ቀን ያሰብኩት አዲስ አበባን ነው። ከአባቶቻችን ዘመን የቀሩ ቮልሶችና ሴይቼንቶዎች ዛሬም በከተማው ይሄዳሉ። መንገዱ ጨው አያውቅም፤ ባሕሩም ሩቅ ነው። ከዚያ በላይ ግን ብረቱ ሲበላ ቆርጦ የሚበይድ፣ ላሜራውን በመዶሻ ወደ ቅርጹ የሚመልስ ሰው በየሰፈሩ አለ።

አሜሪካ ውስጥ ዕድሜ መኪናን ያረክሰዋል፤ የሰው እጅ ግን ውድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሰው እጅ ርካሽ ነው፤ መኪና ግን ቢያረጅም አይረክስም። በ1980ዎቹ የተሠራ ኮሮላ ዲኤክስ ዓመታት ተነድቶ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ ሰምቶ ማመን አቅቶት ነበር። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሲወጣ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከነጭራሹ እንዳይገቡ ተከለከለ። የአዋጁ ምክንያት ይገባኛል፤ የሌላው ዓለም የሰለቸው መኪና መጣያ መሆን፣ ጢሱንም መማግ ማንም አይፈልግም። ነገር ግን የሃያ ዓመት ወጣት በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ አበላሽቶ፣ ጠግኖ የሚማርባት ርካሽ መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ከፊትም አልነበረችም፤ አሁን ደግሞ በሩ ጨርሶ ተዘግቷል።

ታኅሣሥ ላይ፣ የፈተና ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ማርሽ ለመቀየር የሚረገጠውን የፍሪሲዮኑን ፔዳል ስረግጠው ወለሉ ላይ ቀረ። ጋራዥ ስጠይቅ 410 ዶላር አሉኝ። ዕቃው በ28 ዶላር እንደሚሸጥ አይቻለሁ፤ የቀረው የእጅ ዋጋ ነው። ያን ያህል ገንዘብ አልነበረኝም። ማታ ጉለሌ፣ ሰፈራችን ላሉት መካኒክ ደወልኩ። የዕቃውን ስም እንደተጻፈው በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

«ምን አልከኝ?» አሉ። «ስሙን ተወውና ፔዳሉ ምን እንደሚል ንገረኝ። ይመለሳል ወይስ ቀረ?»

«ቀረ፣ ጋሼ።»

«ከታች፣ ከካምቢዮው ጎን፣ ዘይት ያንጠባጥባል?»

«አዎ፣ አይቻለሁ።»

«የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ነው። ጎሚኒው ተበልቷል። አይዞህ ልጄ፣ ሁለት ብሎን ነው።»

እውነትም ሁለት ብሎን ነው። የምከራይበት ግቢ መኪና መጠገን ስለሚከለክል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ጓሮ ሄድን። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን፣ ደገፋ አድርገንላት፣ ከሥሯ ገባሁ። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው፤ ጋሼ ከአዲስ አበባ ያዩኛል። አዲሱን ፓምፕ ካሰርኩ በኋላ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበረብን። ባልደረባዬ ፔዳሉ ላይ፣ እኔ ከታች። «ርገጥ!» ስለው ይረግጣል፤ ትንሿን መክፈቻ ላላ ሳደርጋት አረፋ ያዘለ ዘይት ፊጭ ይላል፤ ዘግቼ «ልቀቅ!» እላለሁ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበር። አሥራ ምን ያህል ጊዜ ከደጋገምን በኋላ አረፋው ጠፋና ዘይቱ ጥርት ብሎ ወረደ። ጋሼ ይህን በስልክ ሲያዩ «በቃ፣ እሰረው» አሉ። ፔዳሉ ሲመለስ እግሬ ሥር የተሰማኝን ደስታ የዚያ ዓመት ፈተና ውጤት አልሰጠኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን። እነዚህን የጣሊያን ቃላት መካኒኮቻችን ተቀብለው የእኛ አድርገዋቸዋል፤ በእነሱም አንድ ሙሉ ዕውቀት ይዘዋል። እኔ በጋሼ ጋራዥ በር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ትምህርት ቤት ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን ገብቼ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። እናቴ ልብሴን ግሪስ እንዳይነካው ታስጠነቅቀኝ ነበር። ውጤቴ ሲቀንስ የምሰማው ማስፈራሪያም «ጋራዥ ነው የማስገባህ!» የሚል ነበር። ጋራዥ ለእኛ ቤት ቅጣት ነበር።

ይህ ንቀት የቆየ ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት አንጥረኛውም ሸማኔውም በሙያቸው ስለሚሰደቡ ነው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዘመን ገደማ ነው። መኪናውን ወደድነው፤ የሚያበጀውን ሰው ግን «ባለ እጅ» ከማለት ገና አልወጣንም። በሜካኒካል ምሕንድስና በጥሩ ውጤት የተመረቀ አንድ አብሮ አደጌ በአምስት ዓመት ትምህርቱ አንድ ካንዴላ፣ ሞተር ውስጥ ነዳጁን የሚለኩሰውን ትንሽ ዕቃ፣ በገዛ እጁ ፈትቶ እንደማያውቅ አጫውቶኛል። ለዚህ እሱን አልወቅሰውም።

እዚህ የወዳደቁ መኪኖች የተሰለፉበት ግቢ አለ፤ መግቢያ ጥቂት ከፍለህ የራስህን ቁልፍ ይዘህ የምትፈልገውን ዕቃ ራስህ ትፈታለህ። አንድ ቅዳሜ የበር እጀታ ስፈታ አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ጥርስ ሐኪም ሆኖ አገኘሁት፤ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራ ወዳድነታቸው ነው ብዬ አደነቅሁ። አሁን ግን ነገሩን በሁለት መልክ አየዋለሁ። ፈረንጅ እጁን የሚያቆሽሸው ሥራን ስለሚያከብር ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው እጅ በርካሽ ማግኘት ስለማይችልም ነው። እኛ ደግሞ ብሎን ሳንነካ የምናድገው በትንሽ ብር የሚጠግንልን ሰው ሁልጊዜ ስላለ ነው፤ ርካሽነቱ ራሱ ንቀታችንን ይመግበዋል።

ወጪውን ለሚያስብ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ያወጣሁትን ልንገር። ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) እና የውሃ ፓምፕ 160 ዶላር፤ ቺንጋው በየ60,000 ማይሉ የሚቀየር ነው፣ ሻጩ መቼ እንደቀየረው ስላላወቀ እንዳልተቀየረ ቆጠርኩት። አራት ጎማ 280፣ ባትሪ 130፣ ካንዴላና ሽቦዎቹ 60፣ የፍሪሲዮኑ ፓምፕ ከነዘይቱ 36። መፍቻና ክሪክ 220። ሁሉም ተደምሮ 886 ዶላር ነው። ኢንሹራንሱ ግን፣ የሌላውን ሰው ጉዳት ብቻ የሚሸፍነው፣ በወር 115 ዶላር ነበር፤ በዓመት 1,380። ከሃያ አምስት ዓመት በታች የሆነ ሰው አሜሪካ ውስጥ ከመኪናው ይልቅ ኢንሹራንሱን አስቀድሞ ይጠይቅ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ምርመራ አለ፤ መስተዋቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሳይ ቦሎ ትዝ ይለኛል።

ያጣሁትም አለ። አዲስ አበባ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ሳትጠራው የሚመጣ ሰው ይኖራል፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ኮፈን ያነሣል፣ አንዱ ምክር ይሰጣል። እዚህ ሀይዌይ ዳር ሁለት ሰዓት ቆሜ የደረሰልኝ ተከፋዩ ጎታች መኪና ብቻ ነበር።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ሀገር ቤት ገባሁና ወደ ጋሼ ጋራዥ ሄድኩ። በሩን አልፌ መግባቴ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ጥግ ላይ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። «የዚችን ኮፈን ማንሣቱንስ አነሣዋለሁ፤ ከዚያ ምን ልበላት?» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ሞተር በጆሮው ሲለይ የኖረ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ያማል። መኪናውን በአዋጅ መቀየር ይቻላል፤ እጁን ግን ማስተማር ያስፈልጋል፤ ጋሼን የሚያስተምር ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ጋራዡ አልመጣም ነበር።

የብሎን ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። የተባለው ልክ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። የአንዲት ቪትዝ ጎማ እያሰሩ ስለነበር ቁልፉን ለእሷ በሚታዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ላይ አስተካከልኩትና በእጃቸው ያጠበቋቸውን አራት ብሎኖች ፈተሽናቸው። አንደኛው ሳይነቃነቅ ቀጭ አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው በጣም ትንሽ ዞረና ቀጭ አለ። ጋሼ ምንም አላሉም። ብሎኑን መልሰው ፈታ አደረጉትና ቁልፉን አሥራ አምስት ዓመት ለሚሆነው ረዳታቸው ሰጡት።

«በል አንተ አጥብቀው። እስኪጮህ ድረስ፤ ከዚያ በላይ እንዳትነካው።»