«ትምህርት ቤትሽ ምን ነበረው?»

ልጄ የምትማረው ሚኒሶታ፣ ዙሪያዋን በቆሎ ብቻ በሆነች ትንሽ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ «አሜሪካም ገጠር አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። አለ እንጂ። ኤፒ ከሚባሉት ከበድ ያሉ ኮርሶች ትምህርት ቤቷ የሚሰጠው ሁለት ብቻ ነው። የትልልቅ ከተማ ልጆች ስምንትና ዘጠኝ ደርድረው ነው ኮሌጅ የሚያመለክቱት።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝና «በቃ፣ አለቀላት» አልኩ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሳቀችብኝ። ከማመልከቻው ጋር ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የሚጽፈው ወረቀት አብሮ ይሄዳል። ምን ምን ኮርስ እንደሚያስተምር እዚያ ላይ ይዘረዘራል። ብዙዎቹ ኮሌጆች ልጅቷን የሚመዝኗት ከቀረበላት ምን ያህሉን ወሰደች ብለው ነው። የጎደላትን ደግሞ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ኮሌጅ እየሄደች በነጻ መማር ትችላለች። ሚኒሶታ ይህን በሕግ የፈቀደችው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው።

ያን ቀን የወንድም ጋሼ ልጅ ትዝ አለኝ። መንዝ ነው የተማረው። እሑድ እሑድ በሶና ቆሎውን ስንቅ ይዞ፣ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ወደ ኪራይ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቤተ ሙከራው ቁልፍ አለው፣ ኬሚካል የለውም። ኮምፒውተር የተማረው በጥቁር ሰሌዳ ነው። (በእኔ ጊዜ የሚያስተምረን ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። መብራት ሲሄድ አስተማሪው አብሮ ይሄዳል።) በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ ሁሉ ከተሟላለት የአዲስ አበባ ልጅ ጋር እኩል የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈተነ። በዚያ ዓመት ግማሹን ነጥብ ያመጣው 3.2 በመቶ ተፈታኝ ነው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። «ትምህርት ቤትህ ምን ነበረው?» ብሎ የጠየቀው የለም።

ይህን ለወንድም ጋሼ በስልክ ስነግረው እንደጠበቅሁት አልተናደደም።

«ያንን ወረቀት እኛ ጋ ማን ሊጽፈው ነው? ለዘመዱ ልጅ ሲሆን ‹ጠመኔ እንኳ የለንም› ብሎ ይጽፍልሃል። ፈተናው እኮ ቢያንስ የማን ልጅ ነህ አይልም።»

መልስ አጣሁ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሄደውም በፈተና ስርቆት ምክንያት አይደል? እዚህም ቢሆን እውነቱን ለመናገር፣ ማመልከቻው ላይ የምትጻፈዋን፣ ከ650 ቃላት የማትበልጠውን ድርሰት የሚያርም ሰው በገንዘብ የሚቀጥር ቤተሰብ ሞልቷል። እኔ የልጄን ድርሰት አንብቤ ያገኘሁት ስህተት የአያቷን ስም ብቻ ነው።

ልጁ ግማሹን ነጥብ ባያመጣም፣ ሪሚዲያል በሚሉት የማካካሻ ትምህርት አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በቀደም የድምፅ መልእክት ላከልኝ።

«ጋሼ፣ ቡሬት የሚሉትን የቤተ ሙከራ መስታወት ቱቦ ዛሬ በእጄ ያዝኩት! ሥዕሉን ሳየው እርሳስ የሚያክል ነበር የሚመስለኝ። ለካ ክንድ ያክላል!»

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት።