«ዘይት አፍስስበት» ለምትሉኝ ሁሉ

የብስክሌቴ ካቴና ሲጮህ የሰማ ሁሉ መካሪ ይሆንብኛል። ብስክሌት ነድቶ የማያውቀው እንኳ «ዘይት አፍስስበት!» ብሎኝ ያልፋል። አፈሰስኩ እኮ! ጉድ የሠራኝ ያፈሰስኩት ነው።

ነገሩ የጀመረው በደረቁ ወራት ነው። እንደ ማር የሚሳብ ወፍራም ዘይት ገዛሁ። ጠርሙሱ ላይ «ለማንኛውም የአየር ጠባይ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሻጩም ምሎ ተገዝቶ አረጋገጠልኝ። ሁለት ቀን ብስክሌቷ ድምፅ የላትም፤ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ካቴናው ጥቁር ሊጥ ለብሶ አገኘሁት። በሁለት ጣቶቼ ቆንጥሬ ሳሸው ይኮሰኩሳል። አሸዋ ነው! ዘይቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ይዞታል። እኔ እያለሰለስኩ መስሎኝ ለካ ብረቱን በየቀኑ በሞረድ ስፈገፍገው ከርሜያለሁ። የሱሪዬ የቀኝ እግርማ አይነሳ፤ ያ ጥቁር በምንም ሳሙና አይለቅም።

ወፍራሙ ዘይት ለዝናብና ለጭቃ ነው የሚሆነው። ስለሚጣበቅ ውሃ ቶሎ አያጥበውም፤ አቧራ የሚጠራውም ያው መጣበቁ ነው። ይህችን ጠርሙሱ ላይ ለመጻፍ ስንት ጠብታ ቀለም ይፈጃል?

እሺ ብዬ «ደረቅ» የሚባለውን ገዛሁ። ደረቅ ይባል እንጂ ስትከፍቱት እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ነው። ስሙን ያወጣለትን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ብዙ የምጠይቀው አለኝ። ለካ ሰሙ ወይም ሌላው ማለስለሻ የሚበረዘው በሚተን ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ሲተን ስስ ሽፋን ብረቱ ላይ ይቀራል፤ አቧራም ያን ያህል አይዝም። ስለዚህ ማታ ተቀብቶ ማደር አለበት። ይህን ማን ነገረኝ? ጠዋት ለመውጣት እየተጣደፍኩ ቀባሁትና ወዲያው ነዳሁ። ያን ቀን ደግሞ ዝናቡ ወረደ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ታጥቦ አለቀ፤ ካቴናው እንደ ጫጩት ይንጫጫ ጀመር። በማግስቱ ዝገት ጣል ጣል አድርጎበት ነበር።

ቀጣዩ መካሪ የዛገ ብሎን ማላቀቂያ የሚረጨውን ነገር አዘዘልኝ። ረጨሁ፤ ጩኸቱ ጸጥ አለ። እሱ ግን አብዛኛው የሚተን ማሟሚያ ነው፤ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ዘይት አሟምቶ ያወጣና ራሱም ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ብናኙ የኋላው ዲስክ ፍሬን ላይ አርፎ ኖሮ ፍሬኑ መያዙን ትቶ ማልቀስ ያዘ። የፍሬኑን ሸራ አውጥቼ ጣልኩ። የምግብ ዘይት ቀባው ያለኝም ነበር፤ የመጥበሻ ቂጥ ላይ የሚጋገረውን ሙጫ አይቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ መካሪ አንዱ እንኳ «መጀመሪያ አጽዳው» አላለኝም። በቆሻሻ ላይ ዘይት መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ካቴና ከ100 በላይ መጋጠሚያ አለው፤ ዘይት የሚያስፈልገው በእያንዳንዷ መጋጠሚያ ውስጥ፣ ፒኗና በላይዋ የምትዞረው ቀለበት በሚፋተጉበት ቦታ ነው። ውጭው ላይ የሚያብረቀርቀው የአቧራ ራት ነው። አሁን ካጸዳሁና ካደረቅኩ በኋላ ለእያንዳንዷ ቀለበት አንድ ጠብታ አደርጋለሁ፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞርኩ አስገባዋለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ውጭውን በጨርቅ አጥብቄ እጠርጋለሁ። ስጠርግ ያየ ጓደኛዬ «የገዛኸውን መልሰህ ልትጥለው?» ብሎ ሳቀብኝ። አዎ፣ ልጥለው!

ካቴናቸውን አውልቀው በቀለጠ ሰም የሚነክሩም አሉ። በእጅ ብትይዙት አያቆሽሽም፤ እቀናባቸዋለሁ። ግን መጀመሪያ የፋብሪካው ቅባት ከውስጥ ድረስ ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ ለዚያ የሚሆን ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

የእኔ ብልሃት የመጣው ደግሞ ከረፈደ ነው። ካቴና ውስጡ ሲበላ ይረዝማልና ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት። አዲስ ካቴና ላይ ከፒን ጀምሮ 24 መጋጠሚያ ቢቆጠር ልክ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ልክ በ1.6 ሚሊ ሜትር ካለፈ መለወጫው ደርሷል ይባላል። የእኔው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ረዝሟል! አዲስ ካቴና ባስገባ ያረጁት የማርሽ ጥርሶች ላይ እየዘለለ አስቸገረኝ፤ እነሱንም አብሬ ለወጥኩ። የእስረኛውንም የብስክሌቱንም በአንድ ስም ካቴና ያሉት ሰዎች ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

አሁን መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ጠርሙስ አለ፤ «ለማንኛውም የአየር ጠባይ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ «ለዝናብ ብቻ» ብዬበታለሁ። ዛሬ ማታ ሰማዩ ስለጠቆረ እሱን ቀብቼ አሳድራለሁ። ነገ ፀሐይ ከወጣ ግን ማንም እንዳያናግረኝ።