ካርቱን ነው ብሎ መተው

አራት ኪሎ አካባቢ ጌም ማስጫን ቀላል ነው። ሀርድ ዲስክህን ይዘህ ሱቅ ትገባለህ፣ የፈለግከውን ትመርጣለህ፣ ልጁ ይገለብጥልሃል። በቃ። ካርቶን የለው፣ ሽፋን የለው። ሽፋን ከሌለ ደግሞ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን የሚነግርህ ምልክትም የለም።

እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ ወላጅ ቀድሞ የሚያየው ያንን ምልክት ነው። ኢኤስአርቢ የሚባል ተቋም ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጌሞችን በዕድሜ ይመድባል። ደግ ነገር ነው። ግን የማውቃቸው አበሾች ምልክቱን ካዩ በኋላ ልጁን ከስክሪኑ ጋር ትተው ወደ ሁለተኛ ሥራቸው ይሮጣሉ። አልፈርድም፤ የቤት ኪራይ አለ።

ዘንድሮ አዲስ አበባ ስመጣ የእህቴ ልጆች «ካፕሄድ»ን አስጭነው ደረስኩ። ካናዳውያን በ2017 ያወጡት፣ የ1930ዎቹን የአሜሪካ ካርቱን አስመስለው በእጅ የሳሉት ጌም ነው። የጀግናው ጭንቅላት ሲኒ ስለሆነ የሕፃን ነገር ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ከሰይጣን ጋር ቁማር ተጫውተው ይሸነፋሉ። የራሳቸውን ነፍስ ለማትረፍ የሌሎች ባለዕዳዎችን ነፍስ ሊሰበስቡለት ይዞራሉ። መጠጥም ሲጋራም አለበት። ኢኤስአርቢ ከ10 ዓመት ጀምሮ ይሆናል ብሎታል።

እህቴ ስለ ሲጋራው ትንፍሽ አላለችም። «ሰይጣን እኔ ቤት ምን ይሠራል?» ነው ያለችው። አማቷ ደግሞ ሶፋው ጥግ ቁጭ ብለው ይከታተላሉ። አንዱ ተጫዋች ሲሞት ነፍሱ ወደ ላይ ትንሳፈፋለች፤ ጓደኛው ዘሎ ከነካት ትመለሳለች። እሳቸው «ያዛት! ያዛት እንጂ አንተ!» እያሉ ይጮሃሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ሰይጣኑ አይደለም፤ ቁማርተኛው የእጁን ሲያገኝ ነው የሚታየው። ያሳሰበኝ የጌሙ ክብደት ነው። እጅግ ከባድ ነው። በሞትክ ቁጥር ለመጨረስ ምን ያህል እንደቀረህ ያሳይሃል፣ እልህ ያስይዝሃል። የ11 ዓመቱ ስቆ ይደግመዋል። የ6 ዓመቱ ግን ጆይስቲኩን ወርውሮ አለቀሰ። የዕድሜ ምልክቱ ስለ ክብደቱ አይናገርም። ለትልቁ ይሁን፣ ለትንሹ ይቆየው አልኩ።

እህቴ የራሷን ደንብ አወጣች፦ ሳሎን ውስጥ ብቻ፣ አዋቂ ባለበት፣ ትንሹ ከተኛ በኋላ። ሜሪላንድ የማውቃቸው ልጆች ጌማቸው ያለው መኝታ ክፍላቸው ነው፣ በሩም ዝግ ነው።