ምርጡ አይስክሬም የየት ከተማ ነው? መጀመሪያ ይመዘን

አሜሪካ ውስጥ በጋ በገባ ቁጥር የማይቀር ጭቅጭቅ አለ፦ የማን ከተማ አይስክሬም ይበልጣል? የሚልዋኪው ሰው ፍሮዝን ከስተርዱን፣ ማለትም የእንቁላል አስኳል የገባበትን አይስክሬም፣ ይዞ ይቀርባል፤ የሲንሲናቲው ግሬተርስ የተባለውን አይስክሬም ቤት፣ የፊላደልፊያው ባሴትስ የተባለውን ይጠራል፤ የቦስተን አካባቢው ደግሞ ከረሜላ ተፈጭቶ የተለወሰበትን ያስቀድማል። ትንሽ ቆይቶ ነገሩ ከአይስክሬም ይወጣና አያት ቤት ይገባል። በልጅነት የተላሰ ኮን፣ ከኳስ ሜዳ መልስ የተገዛ ኩባያ ይነሳል። እዚያ ከተደረሰ ወዲያ ማንም ማንንም አያሳምንም።

ችግሩ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀው መጠየቃቸው ነው። «በደንብ የተሠራው የቱ ነው?» የሚለው በሚዛንና በቴርሞሜትር ይዳኛል። «አንጀቴን የሚያርሰው የቱ ነው?» የሚለው ግን ዳኛ የለውም። ወደ ሁለተኛው እመለሳለሁ። የመጀመሪያውን «ጣዕም እንደየሰዉ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ስንፍና ይመስለኛል።

ከአየሩ እንነሳ። አይስክሬም የቀዘቀዘ አረፋ ነው። ማሽን ውስጥ የገባ 1 ሊትር ፈሳሽ ወደ 2 ሊትር ተነፍቶ ሊወጣ ይችላል፤ ትርፉ አየር ነው። በሙያው ኦቨርራን ይባላል፣ ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ኩባያ ሙሉ ፈሳሽ 275 ግራም ቢመዝንና ያው ኩባያ በአይስክሬም ሲሞላ 220 ግራም ቢሆን፣ ልዩነቱ 55 ግራም ነው፤ ለ220 ሲካፈል 25 በመቶ ይመጣል። ኩባያው 138 ግራም ብቻ ከመዘነ ግን ኦቨርራኑ 100 በመቶ ገደማ ነው፤ የተገዛው ነገር ግማሹ አየር ነው ማለት ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ይህን ይፈቅዳል። አይስክሬም ለመባል ቢያንስ 10 በመቶ የወተት ስብ ሊኖረው፣ አንዱ ጋሎንም ከ4.5 ፓውንድ ማነስ የለበትም። በእኛ መለኪያ በሊትር 540 ግራም አካባቢ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ሚዛን ማውጣት አያስፈልግም፤ የዕቃው ጀርባ ላይ «2/3 ኩባያ» ከሚለው አጠገብ ግራሙ ተጽፏል። ከ85 እስከ 90 ግራም ከሆነ ሕጉ የፈቀደውን አየር ከሞላ ጎደል ተጠቅሟል። 130 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠጣር ያለ አይስክሬም ነው። ይህን ንጽጽር በቫኒላ ብቻ አድርጉት፤ ኦቾሎኒ ወይም የብስኩት ሊጥ የገባበት ጣሳ ክብደቱ ያሳስታል።

አሁን ወደ ከተሞቹ። የሚልዋኪ ከስተርድ በሕግም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ በክብደት ቢያንስ 1.4 በመቶ የእንቁላል አስኳል ጠጣር ይጠበቅበታል። ሊዮንስ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ኮፕስ በ1950 የተከፈቱ የከተማዋ ነባር ቤቶች ናቸው። የከስተርዱ ልስላሴ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አስኳሉ ስቡንና ውሃውን ያስተሳስራል። ማሽኑ የሚያስገባው አየር ጥቂት ነው። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ ከስተርድ ከማሽኑ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይቀርባል፣ ተራ አይስክሬም ግን ሲቀዳ ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል፤ ሞቅ ያለው ሁልጊዜ የበለጠ ጣዕም ያለው ይመስላል። ስለዚህ የሚልዋኪ ደጋፊ «የኛ ይበልጣል» ሲል የሚያወዳድረው በከፊል የሙቀት ልዩነቱን ነው። ያንኑ ከስተርድ ቤት ወስዶ ፍሪዘር ውስጥ ያሳደረ ሰው በማግስቱ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ይደነድናል፣ ሐር መሰል ልስላሴው ይጠፋል። ከስተርድ እዚያው በቆሙበት ይበላል፤ ከቤት ፍሪዘር አውጥቶ መፍረድ በደል ነው።

ፊላደልፊያ በተቃራኒው እንቁላል አታስገባም። ወተት፣ ክሬም፣ ስኳር፣ ቫኒላ፣ በቃ። ባሴትስ በ1861 የተመሠረተ ቤት ነው። አስኳል ከሌለ የቫኒላው፣ የእንጆሪው፣ የናናው ጣዕም ሳይሸፈን ይወጣል። ኪሳራውም አለው፤ አስኳል የሌለው አይስክሬም ፍሪዘር ውስጥ ቶሎ ይበረዳል፣ ማለትም ጥርስ ሥር ቅርጭ የሚል የበረዶ ቅንጣት ያወጣል። ለፍራፍሬ ፊላደልፊያን፣ ለቸኮሌትና ለካራሜል አስኳል ያለውን እመርጣለሁ። ይህ ምርጫዬ ነው፣ ቢቃወሙኝ አልጣላም።

ሲንሲናቲ ግን ሊጠና የሚገባው ብልሃት አላት። ግሬተርስ ከ1870 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ የሚሠራው ፍሬንች ፖት በሚባል ትንሽ የሚሽከረከር ድስት ነው። ፈሳሹ የድስቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀዘቅዛል፣ መፋቂያው ወደ መሀል ይመልሰዋል። ድስቱ እንደ ትልልቅ ማሽኖች አየር አይነፋበትም፤ ውጤቱም ማንኪያ የሚያከብድ ነው። ቸኮሌቱ ደግሞ ቀልጦ ይፈስበታል፤ ቅዝቃዜው ሲያገኘው ደርቆ ቅርፊት ይሆናል፣ ከዚያ በመቅዘፊያ ይሰበራል። አንዱ ስባሪ የአውራ ጣት ጥፍር ሲያክል ሌላው ፍርፋሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ለመሞከር ያሰበ ሰው ንጹሕ ቸኮሌት ብቻውን አቅልጦ ከጨመረ ይሳሳታል፤ የኮኮዋ ቅቤ በዚያ ቅዝቃዜ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና አፍ ውስጥ እንደ ሰም ይሆናል። ለ100 ግራም ቸኮሌት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ይልቁንም የኮኮናት ዘይት፣ ቢጨመርበት አፍ ውስጥ ቶሎ ይቀልጣል።

ቦስተን አጠገብ ባለችው የማሳቹሴትስ ሶመርቪል፣ ስቲቭ ሄረል የተባለ ሰው በ1973 ሱቁን ሲከፍት አየር የቀነሰ አይስክሬም ላይ ከረሜላና ብስኩት በደንበኛው ፊት እየለወሰ መስጠት ጀመረ። ብልሃቱ የሠራው አይስክሬሙ ጠጣር ስለነበር ነው፤ በአየር የተነፋው ሲለወስ ይሟሽሻል። ከዚያ ወዲህ ግን መለወሱ ብዙ ቤቶች ደካማ አይስክሬማቸውን የሚደብቁበት መጋረጃ ሆኗል ባይ ነኝ። ቤን ኤንድ ጄሪስ በ1978 በቨርሞንት ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ቤን ኮኸን የማሽተት ችግር ስለነበረበት ጥርስ የሚያገኘው ነገር እንዲበዛ ይፈልግ ነበር። ትልልቆቹ ጉርድ ቁርጥራጮች የመጡት ከዚያ ነው። ጥሩ ነገር ወጥቶታል፤ ግን አንድን ቤት ለመዳኘት መጀመሪያ ምንም ያልገባበት ቫኒላ ይቀመስ።

ታዲያ በእኩል ሜዳ ማወዳደር የፈለገ ምን ያድርግ? ብዙ ሰው የሚወድቀው መንገድ ላይ ነው። ከሦስት ከተማ የተገዛ አይስክሬም ተራ በረዶ በሞላበት ሳጥን ይጫናል። ተራ በረዶ የሚቀልጠው ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው፤ አይስክሬሙ ግን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ እንኳ ሲደርስ መላላት ጀምሯል። ያ በረዶ ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። የሚያስፈልገው ደረቅ በረዶ ነው፤ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከላይ ይቀመጣል፣ ቅዝቃዜ ወደ ታች ስለሚወርድ። በባዶ እጅ አይነካም፣ ሳጥኑ አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ አይታሸግም፣ የመኪናው መስኮትም ገርበብ ይበል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ቤት ሲደርስ ሁሉም አንድ ፍሪዘር ውስጥ ይደር። በማግስቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና መሀሉ በቴርሞሜትር ይታይ፤ ሁሉም ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ሲሆኑ ይቀዳ። ኩባያዎቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፣ የሚቀዳው ሰውም ቀማሽ አይሁን። ከአምስት ዓይነት አይበልጥ። በመካከል የሚጠጣው ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ የደነዘዘውን ምላስ ይብስ ያደነዝዘዋል።

ሲቀመስ ጉድለቱ ራሱን ይናገራል። ቅርጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ በረዶ ነው። ወይ በማሽኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ቀዝቅዟል፣ ወይ ሱቁ ፍሪዘሩን ሲከፍት ሲዘጋ ላላ ብሎ እንደገና ጠንክሯል፤ ትንንሾቹ ቅንጣቶች ይቀልጡና ውሃቸው ትልልቆቹ ላይ ይደርቃል። ቅንጣቱ 50 ማይክሮን (0.05 ሚሊሜትር) ሲያልፍ ምላስ ያውቀዋል። አሸዋ አሸዋ ብሎ ቶሎ የማይሟሟ ከሆነ ግን በረዶ አይደለም፣ የወተት ስኳር ነው፤ ደረቅ ወተት በዝቶበታል። ላንቃ ላይ የቅባት ሽፋን ከቀረ ስቡ በመመታት ብዛት ወደ ቅቤ መሄድ ጀምሯል። ቀልጦም ቅርጹን ይዞ የሚቆም አረፋ ከሆነ ማወፈሪያው በዝቷል። በጣሳውና በአይስክሬሙ መካከል ክፍተት ከታየ ደግሞ አየሩ ሸሽቷል፤ ዕቃው ተንገላቷል ማለት ነው።

የጣሊያን ዓይነት ጄላቶ ቤት ሲገባ ሳይቀመስም የሚታይ ነገር አለ። ከገበታው አፋፍ በላይ እንደ ተራራ የተከመረ ጄላቶ ለዓይን ነው፤ ጄላቶ አየሩ አነስተኛ፣ ስቡም ከአይስክሬም ያነሰ ስለሆነ እንደዚያ ተከምሮ የሚቆመው በአየር ወይም በማወፈሪያ ተደግፎ ነው፣ የላይኛው ክፍልም ከቅዝቃዜው ወጥቷል። ፒስታቹው ፏ ያለ አረንጓዴ፣ ሙዙ ቢጫ ከሆነም ቀለም ገብቶበታል። የተፈጨ ፒስታቹ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ሙዝ ግራጫ ቢጤ ነው።

ወደ አንጀት አርሱ እንመለስ። ሲንሲናቲ እዚህም ታስፈልገናለች። የከተማዋ ሰው «ቺሊ» የሚለው እ.ኤ.አ. በ1922 ከመቄዶንያ የመጡ ወንድማማቾች መሸጥ ከጀመሩት ይመዘዛል፤ ደቅቆ የተቀቀለ ሥጋ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የሚሸት መረቅ፣ ፓስታ ላይ ፈሶ ከላዩ ቼዳር ቺዝ የተከመረበት ነው። ፓስታ፣ ቺሊና ቺዝ ብቻ ከሆነ «ስሪ ዌይ» ይባላል፤ ሽንኩርት ወይም ባቄላ ሲጨመር «ፎር ዌይ»፣ ሁለቱም ሲገቡ «ፋይቭ ዌይ»። የቴክሳስ ሰው ቀምሶ «ይህ ቺሊ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው፣ በቴክሳስ ሚዛን አይደለም፤ እዚያ ቺሊ ማለት በበርበሬ የበሰለ የሥጋ ወጥ ነው። የፓስታ ሱጎ ብሎ ቢቀርበው ኖሮ ምናልባት ሁለተኛ ሳህን ይጠይቅ ነበር። ስሙ ነው ያጣላው።

አንጀት አርስ ምግብ ላይም ቢሆን የሥራው ክፍል ይዳኛል። መኮሮኒ በቺዝን እንውሰድ። ለ450 ግራም መኮሮኒ 60 ግራም ቅቤ፣ 40 ግራም ዱቄት፣ 1 ሊትር ወተትና 400 ግራም ቺዝ ይበቃል። ዱቄቱ በቅቤው ሁለት ደቂቃ ይታመስ፣ ጥሬ ሽታው እስኪለቅ፤ ወተቱ በሦስት በአራት ጊዜ ይጨመር፤ ከተንተከተከ በኋላ ድስቱ ከእሳት ይውረድ። ቺዙ የሚገባው አሁን ነው፣ ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲወርድ። እየፈላ ከገባ የቺዙ ፕሮቲን ይኮማተርና ስቡን ይተፋል፤ ሶሱ ላዩ ዘይት፣ ታቹ ፍርፋሪ ይሆናል። በጣም የበሰለ ቼዳር ብቻውንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሲሶው ወይም ግማሹ እንደ ሞንተሬይ ጃክ ያለ ለጋ ቺዝ ይሁን። ተፈቅፍቆ የታሸገ ቺዝ እንዳይጣበቅ ዱቄት ነገር ስለሚነሰነስበት ሶሱን ያሻክራል፤ ቤት ይፈቅፈቅ። ምድጃ የሚገባ ከሆነ ሶሱ ከሚፈለገው ቀጠን ማለት አለበት፤ መኮሮኒው ውስጥ ውስጡን ይጠጣዋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የቀረበለት ሰው ቀምሶ «እናቴ ከሳጥን የምትሠራው ይሻለኛል» ሊል ይችላል። የክራፍት የሳጥን መኮሮኒ ከ1937 ጀምሮ አለ፤ ዱቄት ቺዙ ብርቱካንማ፣ ጨዋማ፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። የሚወደደውም ስለማይለወጥ ነው፤ በስንት ዓመት ልዩነት ቢከፈት ያው ነው። ካናዳ ውስጥ እላዩ ላይ ኬቻፕ የሚጨምሩበት አሉ። እነሱ ዘንድ ቴርሞሜትር ይዞ መሄድ ድካም ብቻ ነው።